የወባ ደም ምርመራ በማይክሮስኮፕ፦ ስላይዱ እንዴት ይታያል? ውጤቱስ ምን ይነግርዎታል?

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይዞዎት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዝልዎ የደም ምርመራ ነው። ጣትዎን ይወጉዎታል፤ ጥቂት ጠብታ ደም በትንሽ መስታወት ላይ ይደረጋል፤ ከዚያም "ውጭ ይጠብቁ" ይባላሉ። አንድ ሰዓት ገደማ ከጠበቁ በኋላ "የወባ ተውሳክ ተገኝቷል" ወይም "አልተገኘም" የሚል አጭር ወረቀት ይሰጥዎታል። በዚህ መካከል ከላቦራቶሪው በር ጀርባ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ታካሚ ብዙ አይደለም።

ማይክሮስኮፕ በራሱ ውጤት አያወጣም። ውጤቱን የሚሰጠው በሌንሱ የሚያየው ሰው ነው። ደሙ በደንብ ካልተቀባ፣ ቀለሙ በትክክል ካልያዘ፣ ብርሃኑና ሌንሱ ካልተስተካከሉ ወይም ስላይዱ በችኮላ ከታየ፣ በደምዎ ውስጥ ያለ ተውሳክ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። በሌላ በኩል ሁሉም ነገር በትክክል ቢሠራም የተውሳኩ ቁጥር በጣም ጥቂት ሲሆን በመጀመሪያው ምርመራ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የምርመራውን አሠራር ማወቅዎ ውጤቱን በትክክል ለመረዳት፣ ተገቢውን ጥያቄ ለመጠየቅና ትኩሳቱ ካልለቀቀዎት መቼ ተመልሰው መምጣት እንዳለብዎት ለማወቅ ይረዳዎታል።

ማይክሮስኮፕ ምን ማየት ይችላል?

በጤና ተቋማት በብዛት የሚሠራበት በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ነው። ብርሃን ከታች ተነስቶ በስላይዱ ውስጥ ያልፋል። ከስላይዱ በላይ ያለው ሌንስ (ኦብጀክቲቭ) ምስሉን ያጎላዋል፤ ባለሙያው የሚያይበት የዓይን ሌንስ ደግሞ እንደገና ያጎላዋል። የዓይን ሌንሱ ብዙውን ጊዜ 10 እጥፍ ያጎላል። ስለዚህ ባለ 10 ኦብጀክቲቭ ሲገባ ምስሉ 100 እጥፍ፣ ባለ 40 ሲገባ 400 እጥፍ፣ ባለ 100 ሲገባ ደግሞ 1,000 እጥፍ ይጎላል።

ወባን ለማየት የሚያስፈልገው 1,000 እጥፍ ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል ከ7 እስከ 8 ማይክሮ ሜትር ስፋት አለው። ይህ ማለት አንድ ሚሊ ሜትር በሆነች መስመር ላይ ከ120 በላይ ቀይ የደም ሴሎች ጎን ለጎን ሊደረደሩ ይችላሉ። የወባ ተውሳክ የሚኖረው በዚህ ሴል ውስጥ ነው። በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ያለው የፋልሲፓረም ተውሳክ፣ ቀለበት የሚመስለው፣ የሴሉን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል።

ተውሳኩን በሰው ደም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቨራን ነው። ዘመኑ 1880 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው አልጄሪያ ውስጥ ኮንስታንቲን ከተማ ነበር። በወቅቱ ደሙን ያየው ምንም ቀለም ሳይነካው ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት የጊምሳ ቀለም የተሠራው ከዚያ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው።

በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ገደብም አለው። ከ0.2 ማይክሮ ሜትር በታች የሆነን ነገር አጥርቶ ማሳየት አይችልም። ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረሶችን በዚህ መሣሪያ ማየት የማይቻለው ለዚህ ነው፤ ለእነርሱ ሌላ ዓይነት ምርመራ አለ። ታይፎይድንም በደም ስላይድ ላይ አይቶ መለየት አይቻልም። "በማይክሮስኮፕ ታይቶልኝ ነፃ ነኝ" ማለት ከበሽታ ሁሉ ነፃ መሆን አይደለም። የታየው የተፈለገው ነገር ብቻ ነው።

ደሙ ከጣትዎ እስከ ስላይዱ

ጥሩ ምርመራ የሚጀምረው ከማይክሮስኮፑ በፊት ነው። ጣትዎ በአልኮል ይጠረጋል፤ አልኮሉ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት፤ ከደሙ ጋር ከተቀላቀለ ስሚሩን ያበላሻል። በጨቅላ ሕፃናት ላይ ደሙ ከተረከዝ ወይም ከእግር አውራ ጣት ይወሰዳል። የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረግና የሚቀጥለው ይወሰዳል። ከዚያም በአንድ ስላይድ ላይ ሁለት ዓይነት ስሚር ይዘጋጃል።

• ወፍራም ስሚር፦ ብዙ ደም በትንሽ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ይደርቃል። ቀለሙ ውስጥ ሲገባ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ ተውሳኮቹና ነጭ የደም ሴሎቹ ይቀራሉ። ብዙ ደም በአንድ ጊዜ ስለሚታይ "ወባ አለ ወይስ የለም?" ለሚለው ጥያቄ የሚሻለው ይህ ነው።

• ቀጭን ስሚር፦ ደሙ በስሱ ይሳባል፤ ከዚያም በሜታኖል ይጠበቃል። ቀይ የደም ሴሎቹ ሳይፈርሱ ስለሚቆዩ "የትኛው የወባ ዓይነት ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ስሚሩ በደንብ ከደረቀ በኋላ በጊምሳ ቀለም ይነከራል። 10 በመቶ የሆነው ቀለም 10 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ 3 በመቶ የሆነው ደግሞ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ቀለሙ በትክክል ሲይዝ የተውሳኩ አካል ሰማያዊ፣ እምብርቱ ቀይ ሆኖ ይታያል። ወፍራሙን ስሚር ቶሎ ይደርቅ ተብሎ እሳት ወይም ሙቀት ላይ ቢያስጠጉት ቀይ የደም ሴሎቹ ሳይፈርሱ መስታወቱ ላይ ይጣበቃሉ፤ ስላይዱም ለማንበብ ያስቸግራል። እርስዎን የሚያስጠብቅዎት አንዱ ምክንያት ይህ መድረቅና ቀለም መያዝ ነው።

ማይክሮስኮፑ የሚስተካከለው እንዴት ነው?

ከዚህ በታች ያለው ባለሙያው የሚከተለው ቅደም ተከተል ነው። ልጅዎ በትምህርት ቤት የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ የሚጠቀም ከሆነም ዘይት የሚለውን ክፍል ትቶ ይኸው ይሠራለታል።

1. ሌንሶቹ ለሌንስ በተዘጋጀ ለስላሳ ወረቀት ይጠረጋሉ። በጋዋን ጫፍ ወይም በሻካራ ወረቀት መጥረግ ሌንሱን ይጭራል።

2. ብርሃኑ ይበራል። መብራት በሌለበት ቦታ ብርሃንን በመስታወት የሚሰበስቡ ማይክሮስኮፖች አሉ፤ መስታወቱን በቀጥታ ወደ ፀሐይ ማዞር ግን ዓይንን ይጎዳል።

3. ባለ 10 ኦብጀክቲቭ ይገባል። ስላይዱ ደም የተቀባበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ በመድረኩ ላይ ይቀመጣል። ተገልብጦ ከተቀመጠ በዝቅተኛው ሌንስ ቢታይም በባለ 100ው አይጠራም።

4. ባለሙያው ከጎን እያየ፣ በትልቁ ማዞሪያ ስላይዱን ወደ ሌንሱ ያስጠጋል። ከዚያ በኋላ ብቻ በዓይን ሌንሱ እያየ ስላይዱን ከሌንሱ ቀስ በቀስ ያርቃል። ምስሉ የሚፈለገው እያራቁ እንጂ እያስጠጉ አይደለም። በዓይን ሌንስ እያዩ ማስጠጋት ስላይዱን ሊሰብር፣ ሌንሱንም ሊቧጭር ይችላል።

5. ምስሉ ብቅ ሲል በትንሹ ማዞሪያ ይጠራል። ሁለቱ የዓይን ሌንሶች በባለሙያው ዓይኖች መካከል ባለው ርቀት ልክ ይስተካከላሉ፤ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ ድረስ። ከዚያ በአንድ ዓይን ብቻ እያየ በትንሹ ማዞሪያ ያጠራል፤ ቀጥሎ ለሌላው ዓይን የዓይን ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት ያዞራል። ይህ ካልተደረገ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ይመጣል፤ የደከመ ዓይን ደግሞ ተውሳክ ያልፈዋል።

6. ብርሃኑ ይስተካከላል። ከመድረኩ በታች ብርሃኑን የሚሰበስብ ኮንደንሰርና የብርሃኑን መጠን የሚያጠብና የሚያሰፋ ዲያፍራም አለ። ቀለም ለተነከረ የደም ስላይድ ኮንደንሰሩ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ዲያፍራሙም ይከፈታል።

7. በስሚሩ ላይ አንድ ጠብታ የኢመርሽን ዘይት ይደረጋል፤ ባለ 100 ኦብጀክቲቭ ዘይቱን እስኪነካ ይዞራል። ከዚህ በኋላ የሚነካው ትንሹ ማዞሪያ ብቻ ነው። ዘይቱ የሚያስፈልገው ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ስለሚጎብጥና ስለሚበታተን ነው። ዘይቱ ብርሃንን የሚያሳልፍበት ሁኔታ ከመስታወት ጋር ተመሳሳይ በመሆኑ ብርሃኑ ሳይበታተን ወደ ሌንሱ ይገባል።

8. ስላይዱ በሚታይበት ጊዜ ትንሹ ማዞሪያ በየጊዜው ወዲያና ወዲህ ይነካካል። ወፍራም ስሚር ጥልቀት ስላለው አንዱ ተውሳክ ላይ፣ ሌላው ታች ሊገኝ ይችላል። አንድ ጊዜ አጥርቶ እጅን ማንሳት ግማሹን እንደ መተው ነው።

9. ሥራው ሲያልቅ ዘይቱ ከሌንሱ ይጠረጋል፤ ባለ 40 ሌንስ ዘይት እንዳይነካው ይጠነቀቃሉ። ማይክሮስኮፑ ይሸፈናል። ሙቀትና እርጥበት በሚበዛባቸው ቆላማ ቦታዎች በሌንስ ላይ ሻጋታ ሊበቅል ስለሚችል መሣሪያውን በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ማስተካከያው ሲጓደል ምን ይፈጠራል?

ትንሽ የሚመስል ጉድለት ውጤትን ይለውጣል። ኮንደንሰሩ ዝቅ ብሎ ከቀረ እይታው ይጨልማል፤ የተውሳኩ ቀይና ሰማያዊ ቀለም አይለይም። ሌንሱ ላይ የደረቀ ዘይት ካለ ሁሉም ነገር ጭጋግ ይለብሳል። ቀለሙ ሳይጣራ ከቀረ የቀለም ቅንጣቶች በስላይዱ ላይ ይበተናሉ፤ ልምድ የሌለው ዓይን ቅንጣቱን ተውሳክ ነው ሊል ይችላል። ስለዚህ ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ይመጣል፦ ወባ ያለበት ሰው "የለብህም" ይባላል፤ የሌለበት ደግሞ መድኃኒት ይወስዳል፤ የትኩሳቱ እውነተኛ ምክንያትም ሳይታወቅ ይቀራል።

በሌንሱ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ቦታ እይታ ወይም ፊልድ ይባላል። በ1,000 እጥፍ ሲታይ ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አምስተኛ ያህል ነው። ባለሙያው "ተውሳክ አልተገኘም" ብሎ ከመጻፉ በፊት በወፍራሙ ስሚር ላይ ቢያንስ 100 እይታዎችን ማየት አለበት። ይህም ሆኖ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ስሚር ላይ 100 እይታ ማለት ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ባለሙያው ጊዜ ሲወስድ ለእርስዎ እየሠራ ነው። በሩን እያንኳኩ "አልደረሰም ወይ?" ማለት የሚያስቆርጠው ከራስዎ ስላይድ እይታ ነው።

የውጤት ወረቀቱን እንዴት ያነብቡታል?

በወረቀቱ ላይ ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ።

አንደኛ፣ ተውሳክ ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም?

ሁለተኛ፣ የትኛው ዓይነት ነው? በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። በቀጭኑ ስሚር ላይ ቫይቫክስ ያለበት ቀይ የደም ሴል ተለቅ ብሎ ይታያል። ፋልሲፓረም ትንንሽ ቀለበቶች አሉት፤ አንዳንዴ በአንድ ሴል ውስጥ ሁለትና ሦስት ይሆናሉ፤ በኋላ ደረጃው ደግሞ የማጭድ ቅርጽ ይይዛል። ልዩነቱ ለእርስዎ ትልቅ ትርጉም አለው። ፋልሲፓረም በፍጥነት ወደ ከባድ ሕመም ሊሸጋገር ይችላል፤ በብዛት የሚታከመውም አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን (ብዙዎች ኮአርተም የሚሉት) በተባለው መድኃኒት ነው። ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል ከክሎሮኪን በተጨማሪ በጉበት ያለውን የሚያጠፋ ፕሪማኪን ሊታዘዝ ይችላል። ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡር ሴቶችና ለአንዳንድ ሰዎች ስለማይሰጥ በባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳል። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ።

ሦስተኛ፣ መጠኑ ስንት ነው? አንዳንድ ላቦራቶሪዎች የመደመር ምልክት ይጠቀማሉ፦

• አንድ መደመር፦ በ100 እይታ ከ1 እስከ 10 ተውሳክ
• ሁለት መደመር፦ በ100 እይታ ከ11 እስከ 100 ተውሳክ
• ሦስት መደመር፦ በአንድ እይታ ከ1 እስከ 10 ተውሳክ
• አራት መደመር፦ በአንድ እይታ ከ10 በላይ ተውሳክ

ሌሎች ደግሞ ተውሳኩን ከነጭ የደም ሴሎች ጋር እያነጻጸሩ ይቆጥራሉ። ለምሳሌ 200 ነጭ የደም ሴሎች እስኪቆጠሩ ድረስ 50 ተውሳኮች ቢገኙ፣ 50 ለ200 ተካፍሎ በ8,000 ይባዛል። ውጤቱ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 2,000 ተውሳክ ይሆናል። የመደመር ምልክቱ ብቻውን የሕመምዎን ክብደት አይወስንም። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ በጽኑ የሚታመም ሰው አለ፤ በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች። ሐኪሙ ቁጥሩን ከሕመም ምልክትዎ ጋር አብሮ ያየዋል።

"አልተገኘም" ማለት "የለም" ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ይህ ከጽሑፉ ሁሉ ልብ ሊሉት የሚገባ ነጥብ ነው። ተውሳኩ በደም ውስጥ ሳለ ሳይታይ የሚቀርባቸው ምክንያቶች አሉ፦

• ሕመሙ ገና ከጀመረ ተውሳኩ በቁጥር ጥቂት ሊሆን ይችላል።
• የፋልሲፓረም ተውሳክ ሲያድግ በውስጥ አካላት ትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ ከጣት በተወሰደ ደም ውስጥ ቁጥሩ ይቀንሳል።
• ከምርመራው በፊት ቤት ውስጥ የነበረ የወባ መድኃኒት ከወሰዱ ቁጥሩ ስለሚቀንስ ላይታይ ይችላል።
• ስሚሩ፣ ቀለሙ ወይም የማይክሮስኮፑ ማስተካከያ ጉድለት ሊኖርበት ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት "አልተገኘም" ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ምርመራው ይደገማል። ወባ በጥብቅ ከተጠረጠረ ምርመራው እስከ ሦስት ጊዜ መደጋገሙ የተለመደ ነው። ተመልሰው ሲሄዱ "ትናንት ተመርምሬ ነበር፤ አልተገኘም ተብዬ ነበር፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀኝም" ብለው በግልጽ ይንገሩ። ይህን ማለት ባለሙያውን መክሰስ አይደለም፤ ሥራውን ማገዝ ነው።

ትኩሳት ሁሉ ደግሞ ወባ አይደለም። ያው የደም ስላይድ ሌላም ነገር ሊያሳይ ይችላል። በቅማል የሚተላለፈው ተመላላሽ ትኩሳት፣ በተለምዶ ግርሻ የሚባለው፣ ተሐዋሲው ቀጭንና ጥምዝምዝ ሆኖ በደም ስሚር ላይ ይታያል። ሕክምናው ከወባ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሳይመረመሩ "ወባ ነው" ብሎ መድኃኒት መግዛት አደገኛ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፈጣን ምርመራ ወይስ ማይክሮስኮፕ?

በጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ፈጣን ምርመራ በ15 ወይም 20 ደቂቃ ገደማ በመስመር ውጤት ያሳያል። መብራትም ማይክሮስኮፕም ስለማይፈልግ በገጠር ብዙ ሕይወት ያድናል። ሁለት ነገሮችን ግን ይወቁ። ምርመራው የሚፈልገው የፋልሲፓረም ፕሮቲን ተውሳኩ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን በቅርቡ ጨርሰው ዳግም ሲታመሙ በማይክሮስኮፕ መታየቱ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአንዳንድ ሀገሮች ይህን ፕሮቲን የማይሠሩ የፋልሲፓረም ተውሳኮች ተገኝተዋል፤ በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ የሚመሠረት ፈጣን ምርመራ እነርሱን ሊስታቸው ይችላል። ማይክሮስኮፕ ደግሞ ተውሳኩን ራሱን ስለሚያሳይ ይህ ችግር የለበትም፤ ድካሙ ሁሉ በሰለጠነ እጅና ዓይን ላይ ነው።

ሌሎች ናሙናዎች፦ የእርስዎ ድርሻ

በማይክሮስኮፕ የሚታየው ደም ብቻ አይደለም። የሚከተሉት ናሙናዎች ጥራት በአብዛኛው በእርስዎ እጅ ነው።

• ሰገራ፦ አሜባን ሲንቀሳቀስ ለማየት ቀጭን ሰገራ በ30 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። ከቤት ይዘው ከመጡ የወጣበትን ሰዓት ይናገሩ። ከሽንት ወይም ከውኃ ጋር አይቀላቅሉት።

• ሽንት፦ መጀመሪያ የሚወጣውን ትተው የመካከለኛውን ይያዙ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስረክቡ። ቀለም ያልተነከረ ሽንት የሚታየው ብርሃኑ ቀነስ ተደርጎ ነው። በጠንካራ ብርሃን ብዙ ነገር ስለሚያልፍ ባለሙያው እዚህ ላይ ኮንደንሰሩን ዝቅ ወይም ዲያፍራሙን ጠበብ ያደርጋል።

• አክታ፦ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚፈለገው ከደረት የሚወጣው አክታ እንጂ ምራቅ አይደለም። አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ፤ በጥልቅ ተንፍሰው ያስሉ። ይህን ከሰው ራቅ ብለው ንጹሕ አየር በሚገባበት ቦታ ያድርጉ። ዛሬ በብዙ ቦታ ለዚህ በሽታ ጂን ኤክስፐርት የተባለው ምርመራ ይቀድማል፤ ማይክሮስኮፕ ግን በተለይ ሕክምናውን ለመከታተል አሁንም ይሠራበታል።

በውጭ ሀገር ለምትኖሩ ቤተሰቦች

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከአረብ ሀገር መጥተው ወባ ያለበት አካባቢ ቤተሰብ ጠይቀው የተመለሱ ሰው ትኩሳት ቢይዛቸው፣ በመጀመሪያ ለሐኪሙ መንገር ያለባቸው የት እንደነበሩ ነው። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ሲሆን፣ በተለይ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ወባ በሌለበት ሀገር ያለ ሐኪም ጉዞዎን ካላወቀ የወባ ስላይድ ላያዝ ይችላል። ቫይቫክስ ከተመለሱ ከወራት በኋላም ሊነሳ ስለሚችል "የሄድኩት ቆይቷል" ብለው አይተዉት። ልጅ ሆነው ወባ ይይዝዎት ከነበረ የነበረዎት የመቋቋም ኃይል በውጭ ዓመታት ስለሚቀንስ እርሱን መተማመኛ አያድርጉ።

ለምርመራ ሲሄዱ

• ከተቻለ መድኃኒት ሳይጀምሩ ይመርመሩ። አስቀድመው የወሰዱት ካለ ስሙን ወይም ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ።
• ደም ሲሰጡ በስላይዱ ላይ የተጻፈው ስም ወይም የካርድ ቁጥር የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። በተጨናነቀ ቀን የተምታታ ስላይድ የሌላ ሰው ሕክምና ይሰጥዎታል።
• ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረና የት ተጉዘው እንደነበር ይንገሩ።
• "የትኛው ዓይነት ነው? መጠኑስ?" ብለው ይጠይቁ፤ ወረቀቱንም ያስቀምጡ።
• መድኃኒት ከታዘዘ፣ ቢሻልዎትም እስከ መጨረሻው ይውሰዱ። ከሦስት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ካለ ወይም ከተመለሰ ተመልሰው ይታዩ።

ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ የስላይዱ ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ ታማሚውን ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይውሰዱ፦

• ራስን መሳት፣ መቃዠት ወይም መንዘፍዘፍ
• መጠጣት ወይም ጡት መጥባት አለመቻል፣ የወሰዱትን ሁሉ ማስመለስ
• ለመተንፈስ መቸገር
• ያለ ድጋፍ መቀመጥ እስኪያቅት መድከም
• የሽንት መጥቆር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የዓይን ውስጠኛ ክፍል ወይም መዳፍ በጣም መንጣት

ትኩሳት ያለባቸው ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ደግሞ እነዚህ ምልክቶች እስኪታዩ ሊጠበቅላቸው አይገባም፤ በዚያው ቀን ይመርመሩ።

በደንብ የተዘጋጀ ስላይድ፣ በትክክል የተስተካከለ ማይክሮስኮፕና ታጋሽ ዓይን ሲገናኙ ውጤቱ ይታመናል። እርስዎ የሚጨምሩት ደግሞ በጊዜ መድረስን፣ እውነተኛውን ታሪክ መንገርን፣ ትኩሳቱ ካልለቀቀም ተመልሶ መምጣትን ነው። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም።